የኋለኛውን ዘመን የሮማ የነሐስ ሳንቲም መለየት፦ ከጀርባው ጀምሩ

ጥፍር የምታክል፣ አረንጓዴ የለበሰች፣ ዳር ዳሯ የተበላ ሳንቲም እጃችሁ ገብታለች እንበል። ምናልባት ኢየሩሳሌም ውስጥ ፈቃድ ካለው ቅርስ ሻጭ ተገዝታ ይሆናል። ምናልባትም አውሮፓ ውስጥ ሳይጸዱ በጅምላ ከሚሸጡት አንዷ ናት። ማን አስመታት? መቼ? የት?

አብዛኛው ሰው መጀመሪያ የሚያየው ፊቷን ነው። «ይሄ የትኛው ንጉሥ ነው?» ይላል። ከዚያ ዙሪያውን ያለውን ጽሑፍ ለማንበብ ይታገላል። አልነበብ ሲለው ይተዋታል። እኔ የምመክረው ተቃራኒውን ነው። ከጀርባው ጀምሩ። በ4ኛው ክፍለ ዘመን የነገሥታቱ መልክ በጣም ይመሳሰላል፤ ስማቸውም ይመሳሰላል። የጀርባው ሥዕል ግን በየጥቂት ዓመቱ ይቀየር ነበር። አንድ ሥዕል ሲወጣ ከጀርመኗ ትሪር እስከ ግብጿ እስክንድርያ ድረስ በአንድ ሰሞን ይመታ ነበር። ስለዚህ ስሙ ሙሉ በሙሉ የጠፋ ሳንቲም እንኳ ከጀርባው ብቻ ዘመኑን ሊነግራችሁ ይችላል።

ይህ መመሪያ የሚሸፍነው ከ294 ገደማ እስከ 498 ድረስ ያለውን ነው። መነሻው ዲዮቅልጥያኖስ ገንዘቡን ያሻሻለበት ጊዜ ነው። መድረሻው አንስጣስዮስ ትልልቅ የነሐስ ሳንቲሞችን ያመጣበት ዓመት ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ለእኛ አንባቢ ይህ ዘመን ሩቅ አይደለም። ሰማዕታትን ያሳደደው ዲዮቅልጥያኖስ፣ ቆስጠንጢኖስ፣ ንግሥት እሌኒ፣ ከሃዲው ዑልያኖስ፣ ሁሉም በእነዚህ ትንንሽ ነሐሶች ላይ አሉ። መስቀልን ስናከብር የምናነሳት እሌኒ ፊቷን በእጃችሁ ልትይዙት ትችላላችሁ። ለእኔ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

መጀመሪያ፦ አትፈትጉት

ሎሚ የለም። ኮምጣጤ የለም። አመድ፣ የጥርስ ሳሙና፣ የብረት ቡሩሽ የለም። ጌጥ የሚወለውሉበት ኬሚካልም የለም። ሳንቲሙ ላይ ያለው አረንጓዴ ወይም ቡናማ ሽፋን ቆሻሻ ብቻ አይደለም። ከ1,500 ዓመት በላይ መሬት ውስጥ ሲቆይ የነሐሱ ላይኛው ክፍል ወደዚያ ተለውጧል። ፊደሉና ሥዕሉ ብዙ ጊዜ የቀረው እዚያ ሽፋን ውስጥ ነው። ሽፋኑን በአሲድ ካነሳችሁት ሥዕሉንም አብራችሁ አነሳችሁ። ከሥሩ የምታገኙት ጠቃጠቆ የሞላበት ቀይ መዳብ ነው። ያንን የሚመልስ ባለሙያ የለም።

የሚፈቀደው ይህ ነው። ሳንቲሙን ዲስቲልድ ዋተር ውስጥ ንከሩት። ለመኪና ባትሪ መሙያ የሚሸጠው ንጹህ ውሃ ይሆናል፤ ከባትሪ አሲድ ጋር እንዳታምታቱት ብቻ ተጠንቀቁ። ውሃውን በየጥቂት ቀኑ ለውጡ። ሳምንታት ሊፈጅ ይችላል። አፈሩ ሲለሰልስ በስቴኪኒ ጫፍ ቀስ እያላችሁ ከፊደሎቹ መሃል አውጡት። ለስላሳ የሕፃን ጥርስ ብሩሽም ይሆናል። ሥዕሉ መለየት ሲጀምር አቁሙ። እንዲያብረቀርቅ አትጠብቁ።

አንድ ነገር ግን በጊዜ ማየት አለባችሁ። ሳንቲሙ ላይ ደማቅ፣ ፈዛዛ አረንጓዴ ዱቄት የሚመስል ነጥብ ካለና ሲነካ የሚረግፍ ከሆነ፣ ያ የነሐስ በሽታ የሚባለው ነው። በብረቱ ውስጥ ያለ ክሎራይድ ከአየሩ እርጥበት ጋር ተገናኝቶ ሳንቲሙን ከውስጥ እየበላው ነው። ከሌሎቹ ለዩት። በደንብ አድርቁት። ጫማና ካሜራ ካርቶን ውስጥ ከሚገኘው እርጥበት መጣጭ ከረጢት ጋር ክዳኑ ግጥም በሚል ዕቃ አስቀምጡት። ሳንቲሙ ውድ ከሆነ ለባለሙያ ስጡት።

ቀጥሎ፦ ለኩና መዝኑ

ሁለት ዕቃ ይበቃል። ሚሊሜትር የሚለካ ካሊፐር፣ እና ወርቅ ቤቶች የሚጠቀሙበት ዓይነት እስከ 0.01 ግራም የሚያሳይ ትንሽ ሚዛን። አሥር እጥፍ የሚያጎላ መነጽር ቢጨመር ጥሩ ነው።

እነዚህ ሳንቲሞች በዘመናቸው ምን ተብለው ይጠሩ እንደነበር በአብዛኛው አከራካሪ ነው። ስለዚህ ሰብሳቢዎች በመጠን አራት ቦታ ይከፍሏቸዋል። ከ25 ሚሊሜትር በላይ አንደኛ፣ ከ21 እስከ 25 ሁለተኛ፣ ከ17 እስከ 21 ሦስተኛ፣ ከ17 በታች አራተኛ። ካታሎግ ላይ ከላቲን ፊደሎቹ ኤ እና ኢ አጠገብ ከ1 እስከ 4 ቁጥር ካያችሁ ይኸው ነው።

መጠን ብቻውን ብዙ ይናገራል። ዲዮቅልጥያኖስ በ294 ገደማ ያስመታው ሳንቲም 10 ግራም ገደማ ይመዝን ነበር፤ ጥቂት ብርም ነበረበት። ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ የመኮማተር ታሪክ ነው። በ313 ክብደቱ ከግማሽ በታች ወረደ። በ330 ወደ 2.5 ግራም፣ በ336 አካባቢ ደግሞ ወደ 1.5 ግራም ደረሰ። በ348 ትልልቅ ሳንቲሞች እንደገና ወጡ፤ እነሱም በጥቂት ዓመታት ውስጥ አነሱ። በ4ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በብዛት የሚገኘው 13 ሚሊሜትር ገደማ የሆነ፣ 1 ግራም የማትሞላ ሚጢጢ ነው። 27 ሚሊሜትር የሆነ ከባድ ሳንቲም ከያዛችሁ በ4ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የነገሠውን ቴዎዶስዮስን አትፈልጉ። 12 ሚሊሜትር ከሆነች ደግሞ ዲዮቅልጥያኖስን እርሱት።

ጀርባውን ማንበብ

እዚህ ጋ ጊዜ ውሰዱ። ሥራው ያለው እዚህ ነው።

መብራቱን አስተካክሉ። ከላይ ቀጥ ብሎ የሚወርድ መብራት ያረጀ ሥዕልን ይደፈጥጠዋል። አንድ የጠረጴዛ መብራት ከግራ በኩል፣ ዝቅ አድርጋችሁ፣ ጨረሩ የሳንቲሙን ፊት እየላሰ እንዲያልፍ አድርጉ። ከዚያ ሳንቲሙን በጣታችሁ ቀስ እያላችሁ አዙሩት። የሌለ የመሰለ እግር፣ ክንፍ ወይም ጦር በጥላው ብቅ ይላል። በስልካችሁ በየአቅጣጫው ፎቶ አንሱና አጉልታችሁ እዩት።

አሁን አንድ ጥያቄ ጠይቁ። ስንት ሰው አለ? ምን እያደረገ ነው?

አንድ ራቁቱን የቆመ ሰው ከሆነ ዘመኑ ቀደም ያለ ነው። ሳንቲሙ ትልቅ ሆኖ ሰውየው በአንድ እጁ ሳህን፣ በሌላው ፍሬ የሞላበት ቀንድ ከያዘ፣ የሮማ ሕዝብ ጠባቂ መንፈስ ተብሎ የሚታወቀው ነው። ይህ የዲዮቅልጥያኖስና የባልደረቦቹ ሳንቲም ነው። ቀኝ እጁን ወደ ላይ አንስቶ በግራው ሉል ከያዘ ደግሞ የፀሐይ አምላክ ነው። ጽሑፉ «ሶሊ ኢንቪክቶ ኮሚቲ» ይላል። ይህን በብዛት ያስመታው ራሱ ቆስጠንጢኖስ ነው፤ ከ309 ገደማ ጀምሮ እስከ 318 ገደማ። በ312 ሮም አጠገብ ባለው በሚልቪያን ድልድይ ካሸነፈ በኋላም ለዓመታት ፀሐዩ ከሳንቲሙ ላይ አልወረደም። የእምነት ለውጡ በሳንቲም ላይ የታየው ቀስ በቀስ መሆኑን ከዚህ በላይ የሚያሳይ ነገር የለም።

በጡብ የተደረደረ በር፣ ከላይ ሁለት ማማ፣ መሃላቸው ኮከብ ካያችሁ የጦር ሰፈር በር ነው። ከ324 እስከ 330 ባለው ጊዜ ውስጥ አስቀምጡት። ጽሑፉ በ«ፕሮቪደንቲያኤ» ይጀምራል። በ380ዎቹ መጨረሻ የማግኑስ ማክሲሙስ ትንንሽ ሳንቲሞች ላይም በር አለ፤ እነዚያ ግን 13 ሚሊሜትር ገደማ ስለሆኑ መጠኑ ይለያቸዋል።

አሁን በጣም የተለመደው ጋ ደረስን። ሁለት ወታደሮች ፊት ለፊት ቆመው ጦርና ጋሻ ይዘዋል። ጽሑፉ «ግሎሪያ ኤክሰርሲቱስ» ነው፤ የሠራዊቱ ክብር ማለት ነው። እዚህ አንድ ነገር ቁጠሩ። በወታደሮቹ መካከል ስንት የጦር ዓርማ ተተክሏል? ሁለት ከሆነ ከ330 እስከ 335 ገደማ ነው። አንድ ከሆነ ከ335 እስከ 341 ገደማ ነው። ሳንቲሙ ሲያንስ ለሁለት ዓርማ ቦታ አልነበረም። ይህቺ አንዲት ቆጠራ ዘመኑን ወደ አምስት ስድስት ዓመት ታጠብበዋለች። ዓርማዎቹ ካልታዩ ዲያሜትሩን እዩ። 17 ወይም 18 ሚሊሜትር የሁለቱ ነው፤ 15 ወይም 16 የአንዱ ነው።

በዚያው በ330ዎቹ ንጉሥ የሌለባቸው ሁለት ዓይነት ሳንቲሞች አሉ። በአንዱ ፊት ላይ የራስ ቁር ያጠለቀች ሮማ አለች፤ ጀርባው ላይ ተኩላ ሁለት ሕፃናት ታጠባለች። በሌላው ፊት ላይ ቁስጥንጥንያ በሴት አምሳል አለች፤ ጀርባው ላይ ክንፍ ያላት የድል አምላክ በመርከብ አፍንጫ ላይ ቆማለች። ቁስጥንጥንያ የተመረቀችው በግንቦት 330 ነው፤ ሳንቲሞቹም የወጡት ለዚያ ነው። የተኩላዋን ሳንቲም ጀማሪም ወዲያው ይለየዋል።

ክንፍ ያላቸው ሁለት የድል አማልክት የአበባ ጉንጉን ይዘው ከተያዩ በ340ዎቹ የምዕራቡ ክፍል ሳንቲም ነው። በዚያው ጊዜ ምሥራቁ በአክሊል ውስጥ ጽሑፍ ብቻ ያስመታ ነበር።

ከዚያ 348 ይመጣል። «ፌል ቴምፕ ሬፓራቲዮ»፣ የደጉ ዘመን መመለስ። በዚህ ጽሑፍ ሥር ብዙ ሥዕል አለ። ንጉሥ በመርከብ ላይ፣ ፊኒክስ ወፍ፣ ወታደር ከጎጆ ሰው ሲጎትት። ከሁሉም የበዛው ግን የወደቀው ፈረሰኛ ነው። የሮማ ወታደር በቁመቱ ጦሩን ወደ ታች ይሰነዝራል። ጠላቱ ከፈረሱ ጋር ተዘርሯል፤ አንዳንዴ የፈረሱን አንገት አቅፏል፣ አንዳንዴ እጁን ወደ ኋላ ዘርግቶ ይማጸናል። መሬት ላይ ጋሻ ወድቋል። ሳንቲሙ ምንም ቢያረጅ የወታደሩ ሰያፍ ጦርና የፈረሱ የታጠፈ እግር ይቀራሉ። እሱን ፈልጉ። ትልቁ፣ 22 ሚሊሜትር ገደማ የሆነው፣ የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ነው። ትንሹ፣ 17 ወይም 18 የሆነው፣ የ350ዎቹ ነው። ከዚያም ያነሰ፣ ፈረሱ ፈረስ የማይመስል፣ ጽሑፉ ትርጉም የሌለው ጭረት የሆነ ካጋጠማችሁ የዛሬ ሐሰተኛ ነው ብላችሁ አትጣሉት። በዚያው ዘመን ሳንቲም ባጠረበት አካባቢ ሰዎች ራሳቸው አስመስለው ይመቱ ነበር።

የወደቀው ፈረሰኛ ንጉሥ በአብዛኛው ዳግማዊ ቆስጠንጢዮስ ነው። ይህ ሰው ለእኛ የቅርብ ነው። በ356 ገደማ ለአክሱም ነገሥታት ለኢዛናና ለሳይዛና ደብዳቤ ጽፏል። ጳጳሱ ፍሬምናጦስ፣ ማለት የእኛው አባ ሰላማ፣ ወደ እስክንድርያ ተልኮ እምነቱ እንዲመረመር ነበር የጠየቀው። የደብዳቤው ግልባጭ በአትናቴዎስ ጽሑፍ ውስጥ ተጠብቆ ቀርቷል። በእጃችሁ ያለው የወደቀ ፈረሰኛ ያ ደብዳቤ በተጻፈባቸው ዓመታት የተመታ ሊሆን ይችላል።

ከ350 እስከ 353 ምዕራቡን የያዘው ማግነንቲዮስ አንድ የማያሳስት ሳንቲም አለው። መላው ጀርባ የክርስቶስ ስም የመጀመሪያ ሁለት የግሪክ ፊደላት ተጣምረው የሚታዩበት ትልቅ ምልክት ነው፤ ግራና ቀኙ አልፋና ኦሜጋ። ዑልያኖስ ደግሞ ከ361 እስከ 363 በነገሠበት ጊዜ ትልቅ በሬ ያለበት ከባድ ሳንቲም አስመታ። ከበሬው በላይ ሁለት ኮከብ አለ። 27 ሚሊሜትር ገደማ ሆኖ በሬ ካለበት ሌላ አትፈልጉ።

ከ364 እስከ 378 ሁለት ሥዕል ገበያውን ሞልቶታል። አንዱ የድል አምላክ ወደ ግራ ስትራመድ ነው፦ «ሴኩሪታስ ሬይፑብሊካኤ»። ሌላው ንጉሥ ምርኮኛ በፀጉሩ ይዞ ሲጎትት ነው፦ «ግሎሪያ ሮማኖሩም»። የቫለንቲንያኖስ፣ የቫለንስና የግራቲያኖስ ናቸው። ከ383 በኋላ ደግሞ ጎታቿ ራሷ የድል አምላክ ትሆናለች፤ በትከሻዋ የምርኮ መሣሪያ ተሸክማለች፣ ሳንቲሟም ሚጢጢ ናት። የምርኮኛውን ጎታች ለዩ። ክንፍ አለው ወይስ የለውም? ክንፍ ከሌለው በ17 ሚሊሜትር ሳንቲም ላይ 364–378፣ ክንፍ ካለው በ13 ሚሊሜትር ላይ ከ383 ወዲህ።

የ5ኛውን ክፍለ ዘመን በአጭሩ ልለፈው። የድል አምላክ ከጎን ሆና ለንጉሥ አክሊል ስትደፋለት ከሆነ 395–401። ሦስት ንጉሥ ጎን ለጎን ቆመው ከሆነ 406–408። መስቀል በአክሊል ውስጥ፣ ወይም የንጉሡ ስም ፊደላት እርስ በርስ ተቆላልፈው ከሆነ ከዚያ ወዲህ ነው። ብዙዎቹ ከ10 ሚሊሜትር ብዙም አይበልጡም። አብዛኞቹ እስከ መጨረሻው አይለዩም። «የ5ኛው ክፍለ ዘመን» ብሎ መጻፍ ሙሉ መልስ ነው።

አንድ ማሳሰቢያ። ጽሑፉን አንብባችሁ ሥዕሉን አትርሱ። «ግሎሪያ ሮማኖሩም» የሚለው ቃል ለአሥርት ዓመታት በጣም በተለያዩ ሥዕሎች ላይ ተጽፏል። ዘመኑን የሚወስነው ቃሉ ከሥዕሉና ከመጠኑ ጋር ሲጣመር ነው።

አሁን ወደ ፊቱ

ዘመኑን ካጠበባችሁ በኋላ የቀሩት ስሞች ሦስት ወይም አራት ናቸው። ፊቱ አሁን ቀለለ።

ራሱ ላይ ያለውን እዩ። የቅጠል አክሊል፣ ጨረር ያለው ዘውድ ወይም የራስ ቁር ከሆነ ቀደም ያለ ነው። ቆስጠንጢኖስ ከ324 ገደማ ጀምሮ በዕንቁ ወይም በጽጌረዳ ቅርጽ ያጌጠ የራስ ማሰሪያ አደረገ። ከእሱ በኋላ ያሉት ዋና ነገሥታት አብዛኞቹ ያንን ተከተሉ። ከ350 ወዲህ ባዶ ራስ ካያችሁ ብዙ ጊዜ ንጉሥ ሳይሆን ቄሳር፣ ማለት ምክትል ንጉሥ ነው፤ እንደ ጋሉስ ወይም ገና ቄሳር እንደነበረው ዑልያኖስ። ማግነንቲዮስ ግን ንጉሥ ሆኖም ብዙ ጊዜ ባዶ ራሱን ነው። ጢም ደግሞ ጥሩ ፍንጭ ነው። ከቆስጠንጢኖስ ወዲህ ነገሥታቱ ይላጩ ነበር። በዚያ ዘመን ረጅም ጢም ካለ ዑልያኖስ ነው፤ ካልሆነም ለአጭር ጊዜ የነገሡት ፕሮኮፒዮስ ወይም ኤውጌንዮስ ናቸው።

ራሱን በሻሽ የሸፈነ የሚመስል ሰው ካያችሁ ሴት ናት ብላችሁ አትቸኩሉ። ከሞተ በኋላ የተመታ ቆስጠንጢኖስ ሊሆን ይችላል። ከጀርባው በአራት ፈረስ ሠረገላ ወደ ላይ ሲወጣ፣ ከሰማይ እጅ ተዘርግቶለት ካያችሁ እሱ ነው። የእሌኒ ፀጉር ግን ተሠርቶ በጌጥ ታስሯል፣ አንገቷ ላይም ሐብል አለ። በዋናነት ከ324 እስከ 329 ባለው ጊዜ የተመታው ሳንቲሟ ጀርባ ላይ አንዲት ሴት የዛፍ ቅርንጫፍ ወደ ታች ይዛ ቆማለች።

ስም ማንበብ ላይ ሁሉም የሚደናገረው የቆስጠንጢኖስ ቤተሰብ ጋ ነው። አባት ቆስጠንጢኖስ፣ ልጆቹ ዳግማዊ ቆስጠንጢኖስ፣ ቆስጠንጢዮስና ቆንስታንስ። መጀመሪያቸው አንድ ነው። ስለዚህ መጨረሻውን አንብቡ። ሳንቲም ላይ ዩ የሚባለው ፊደል ሁልጊዜ እንደ ቪ ይቀረጻል። መጨረሻው ቲ-አይ-ኤን-ቪ-ኤስ ከሆነ ቆስጠንጢኖስ ነው። ኤኗ ጠፍታ ቲ-አይ-ቪ-ኤስ ከሆነ ቆስጠንጢዮስ ነው። ኤ-ኤን-ኤስ ከሆነ ቆንስታንስ ነው። አባትና ልጅን ለመለየት ከስሙ በኋላ ያለውን እዩ። አይ-ቪ-ኤን ካለ «ታናሹ» ማለት ነው፣ ልጁ ነው።

ማዕረጉም ዘመን ይሰጣል። ኤን-ኦ-ቢ እና ሲ ካለ ቄሳር ነው። ኤ-ቪ-ጂ ካለ ዋና ንጉሥ፣ አውግስጦስ ነው። የስሙ መነሻ አይ-ኤም-ፒ ከሆነ ቀደም ወዳለው ዘመን ያደላል። ከ348 ወዲህ በአብዛኛው በዲ-ኤን፣ «ጌታችን» በሚለው ምሕፃረ ቃል ይጀምራል።

የተመታበት ከተማ

ጀርባው ላይ፣ ከሥዕሉ እግር በታች አንድ አግድም መስመር አለ። ከመስመሩ በታች ያሉት ፊደላት ከተማውን ይናገራሉ። ኤስ-ኤም የሚለው መነሻ «የተቀደሰ ገንዘብ» ማለት ስለሆነ እለፉት። ቀጥሎ ኤ-ኤን ካለ አንጾኪያ። ኤ-ኤል ካለ እስክንድርያ። ኬ ካለ ኪዚኮስ። ኤን ብቻዋን ከሆነች ኒቆሜድያ፣ የዛሬዋ ኢዝሚት። ኤች ከሆነ ሄራክልያ። ቲ-ኤስ ተሰሎንቄ። በምዕራብ በኩል ቲ-አር ትሪር፣ ኤ-ኪው አኲሌያ፣ ኤስ-አይ-ኤስ ሲስኪያ፣ አር ሮም።

ወጥመዱ አርልና ቁስጥንጥንያ ላይ ነው። የፈረንሳይዋ አርል በቆስጠንጢኖስ ቤተሰብ ስም ቆንስታንቲና ተብላ ተሰይማ ስለነበር የእሷም ምልክት ሲ-ኦ-ኤን-ኤስ-ቲ ነው። ቲ ካለና ከምልክቱ መነሻ በፊት ፒ ወይም ኤስ ከተጨመረ አርል። ቲ ሳይኖር ከኋላ የግሪክ ፊደል ከተከተለ ቁስጥንጥንያ። ከዋናው ምልክት ጋር ያለችው ተጨማሪ ፊደል ሳንቲሙ የተመታበትን የሥራ ክፍል ትናገራለች። ምዕራቡ እንደ ፒ እና ኤስ ያሉ የላቲን ቁጥር ስሞች መነሻ ፊደላትን ይጠቀማል፣ ምሥራቁ አልፋ ቤታ ጋማ።

ከተማው ዘመኑን ለመፈተንም ይረዳል። የሎንደን መምቻ በ325 ተዘግቷል፣ የሰሜን ጣሊያኗ ቲኪኑም በ326። ሎንደን ብላችሁ 335 ከጻፋችሁ አንዱ ስህተት ነው፤ ተመለሱና አንብቡ።

ሁሉንም ስናገጣጥም

አንድ ምሳሌ እንሥራ። ሳንቲሙ 16 ሚሊሜትር፣ 1.5 ግራም። ጀርባው ላይ ሁለት ወታደር ይታያል፣ መሃላቸው አንድ ዓርማ። ስለዚህ 335–341። ፊቱ ላይ ያለው ጽሑፍ ግማሹ ጠፍቷል፤ የተረፈው ኤን-ቲ-አይ-ቪ-ኤስ፣ ከዚያ ኤን-ኦ-ቢ ሲ ነው። ቆስጠንጢዮስ ነው፣ ግን ገና ቄሳር። አባቱ በግንቦት 337 ሞተ፤ ልጆቹ አውግስጦስ የተባሉት በመስከረም 337 ነው። ስለዚህ ሳንቲሙ ከ335 እስከ 337 ተመታ። ከታች ኤስ-ኤም-ኤ-ኤን ይነበባል፤ አንጾኪያ። አሁን የአሜሪካ ኑሚስማቲክ ሶሳይቲ በነጻ የከፈተውን ኦክሬ የተባለ የመረጃ ቋት ክፈቱ። ንጉሡን፣ ከተማውንና የጀርባውን ጽሑፍ አስገቡ። ዝርዝሩ ወደ ጥቂት ይወርዳል፤ ከፎቶዎቹ ጋር አስተያዩ።

የአክሱም ነሐስ እንዳያመልጣችሁ

ይህን በተለይ እስራኤልና ግብፅ ላሉ እጽፋለሁ። የአክሱም ትንንሽ የነሐስ ሳንቲሞች በሁለቱም አገሮች ተገኝተዋል። ከሮማ ሚጢጢዎች ጋር ተደባልቀው ሊታለፉ ይችላሉ። ምልክታቸው ይህ ነው። ጀርባው ላይ ሰው ሳይሆን መሃል ላይ መስቀል በክብ ውስጥ ይኖራል። ጽሑፉ ላቲን አይደለም፤ ግሪክ ወይም ግዕዝ ነው። አንዳንዱ መስቀል መሃል ላይ ወርቅ ተለብዷል፣ ይህን የሮማ ነሐስ አያደርገውም። በግሪክ «ቱቶ አሬሴ ቴ ኮራ»፣ ይህ ሀገሩን ደስ ያሰኝ፣ የሚል ካያችሁ አክሱም ነው።

ምሐድይስ ተብሎ በሚጠራው የአክሱም ንጉሥ ነሐስ ላይ ያለው የግዕዝ ጽሑፍ «በዝ መስቀል ትመውእ» ነው፣ በዚህ መስቀል ታሸንፋለህ። በ350 በሲስኪያ የተመታ የሮማ ነሐስም «ሆክ ሲግኖ ቪክቶር ኤሪስ» ይላል፣ በዚህ ምልክት ድል አድራጊ ትሆናለህ። ሁለቱም የቆስጠንጢኖስን ራእይ ነው የሚጠቅሱት። እነዚህን ሁለት ሳንቲሞች ጎን ለጎን ማየት የቻለ ሰው ዕድለኛ ነው።

ሐሰተኛና ሕግ

ተራ የሮማ ነሐስ ርካሽ ስለሆነ ሐሰተኛው ብዙ አይደለም። ቢሆንም ጠርዙን ዙሪያውን እዩ። በሻጋታ የፈሰሰ ከሆነ የመጋጠሚያ መስመር ይኖረዋል። ፊቱ ላይ የመርፌ ቀዳዳ የሚያካክሉ የአየር ነጥቦች ካሉ፣ ፊደሎቹም የቀለጠ ሳሙና ከመሰሉ ተጠራጠሩ። በስቴኪኒ ሲነካ በአንዴ የሚለቅ ቢጫ «የበረሃ አፈር» በሙጫ የተለጠፈ ሊሆን ይችላል።

ከመሬት ያገኛችሁትን ግን ኪሳችሁ አትክተቱ። እስራኤል ውስጥ በ1978ቱ የቅርስ ሕግ ከ1700 በፊት የተሠራ ግኝት የመንግሥት ነው፤ ያገኘ በ15 ቀን ውስጥ ለባለሥልጣኑ ያሳውቃል። እንግሊዝ ውስጥ ከ300 ዓመት በላይ የሆናቸው 10 እና ከዚያ በላይ የነሐስ ሳንቲሞች አንድ ቦታ ከተገኙ በሕግ እንደ ውድ ሀብት ይቆጠራሉ፤ መመዝገብ አለባቸው። ኢትዮጵያ ውስጥም በአዋጅ ቁጥር 209/1992 (ይህ ዓመት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) መሠረት የተገኘ ቅርስ ለባለሥልጣኑ ይነገራል፤ ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም።

መዝገቡ

የለያችሁትን ወዲያው ጻፉ። ለእያንዳንዱ ሳንቲም አንድ የወረቀት ፖስታ ይበቃል። ለስላሳ የፕላስቲክ ኪስ አትጠቀሙ፤ ፒቪሲ ያለበት ከጊዜ በኋላ አረንጓዴ ቅባት እየተፋ ነሐሱን ይበላል። ፖስታው ላይ ዲያሜትር፣ ክብደት፣ የተነበቡት ፊደላት፣ ከየት እንደተገኘ ይጻፍ። ያልተነበበውን ፊደል በነጥብ ተዉት፤ በግምት አትሙሉት። ስሙ ካልተለየ «የቆስጠንጢኖስ ቤተሰብ፣ 335–341፣ ከተማው የማይነበብ» ብላችሁ አስቀምጡት። ነገ የተሻለ መብራት ወይም የተሻለ ዓይን ያለው ሰው ከዚያ ይቀጥላል።